ቀን ለኩባንያ፣ ማታ ለፒኤችዲ፦ ተቀጥሮ እየሠሩ ዓይንን ማጥናት

ፒኤችዲዬን በጀመርኩ በስምንተኛው ወር ለአማካሪዬ የመጀመሪያውን ዳታ ይዤ ሄድኩ። የ14 ሰዎች የእንባ ሽፋን ልኬት ነው። ቁጥሩ ግን መላ ቅጡ የጠፋ ነበር። የአንዲት ተሳታፊ የእንባ ሽፋን ዓይኗን ካርገበገበች በኋላ አንድ ቀን በ4 ሰከንድ ይበጣጠሳል፤ ሌላ ቀን 11 ሰከንድ ይቆያል። አማካሪዬ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«የለካሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ስንት ሰዓት? ከሥራ በወጣሁበት ሰዓት ነዋ! አንዳንዱን በምሳ ሰዓት፣ አንዳንዱን ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ሁለቱን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ገና ዓይናቸውን ሳያሹ ለክቻለሁ። ዳታው በሙሉ ተጣለ።

እኔ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም የእይታ ምርመራ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ኮንታክት ሌንስ በሚያመርት ኩባንያ ነው፤ አዳዲስ ሌንሶች በሰው ዓይን ላይ የሚፈተኑበት ክፍል ውስጥ። ፒኤችዲዬን ሥራዬን ሳልለቅ በስድስት ዓመት ጨረስኩ። ርዕሴ ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን እንዴት እንደሚያርገበግብ ነበር። ብዙ ሰው «ጊዜውን ከየት አመጣሽው?» ይለኛል። ከየትም አላመጣሁም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ጥናቱን በሥራ ሳምንቴ ልክ መስፋት ነው። ያ የ14 ሰው ዳታ የተጣለው መጀመሪያ ልብሱን ሰፍቼ፣ በኋላ ገላዬን ላጥብበው ስል ነው።

ውሉ ይቅደም

ዩኒቨርሲቲ ከመመዝገባችሁ በፊት የሥራ ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና አንብቡት። ስትቀጠሩ አንብባችሁት ከሆነ ጎበዞች ናችሁ። እኔ ፈርሜ ነው የከደንኩት። ብዙ የሕክምና መሣሪያና የመድኃኒት ኩባንያዎች ውል ውስጥ ስለ አእምሯዊ ንብረት የሚያወራ አንቀጽ አለ። ሠራተኛው በኩባንያው የሥራ ዘርፍ የሚፈጥረው ነገር የኩባንያው ይሆናል ይላል። አንዳንዱ ውል በሥራ ሰዓት የተሠራውን ብቻ ነው የሚይዘው። አንዳንዱ ግን ቅዳሜ ማታ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ያሰባችሁትንም ይጨምራል። ዩኒቨርሲቲውም የራሱ ደንብ አለው። ሁለቱም «የእኔ ነው» ካሉ መሃል ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።

ይሄን ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አለቃችሁ በቃል «ችግር የለም» ካሏችሁ አመስግኑና በጽሑፍ ጠይቁ። አለቃ ይቀየራል። የእኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ የእኔ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ዳታው የማን እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ኩባንያው ለማየት ስንት ቀን እንዳለው ይናገራል። የኩባንያውን መሣሪያ መጠቀም ይፈቀድልኝ እንደሆነም አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ኩባንያው ማየት እንጂ መከልከል እንደማይችል ይናገራል። እዚህ ላይ አትለሳለሱ። ኩባንያ «ይቺ የምሥጢር ቀመር ናት፣ አውጪልኝ» ቢል ያለ ነገር ነው። ውጤቱን ስላልወደደው ጽሑፉን ማስቀረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚለይ አንድ ዐረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ ይኑር።

እኔ ደብዳቤውን ያገኘሁት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ትንተና በኩባንያው ላፕቶፕ ላይ ሠራሁ። ፈጣን ማሽን ነበር፣ ምን ላድርግ። አንድ ቀን ከአይቲ ክፍል ኢሜይል መጣ። በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ሁሉ የኩባንያው ንብረት ነው የሚል ማስታወሻ። ለሁሉም ሠራተኛ የተላከ ነው፣ ለእኔ አይደለም። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ተሳታፊዎቼ የፈረሙት የስምምነት ቅጽ ዳታቸው ዩኒቨርሲቲው ጋ ብቻ ይቀመጣል ይላል። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጽፌ፣ ለኩባንያው ጽፌ፣ ፋይሉ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እስካገኝ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ከዚያ ይቀላል። ኢሜይልም ለየብቻ፣ የዳታ ማስቀመጫም ለየብቻ፣ ማስታወሻ ደብተርም ለየብቻ ይሁን። ደብተሩ ላይ ስትደርሱ ስቃችሁብኝ ይሆናል። ግን ሁለቱ ሥራዎች አንድ ገጽ ላይ ሲደባለቁ ሐሳቡ በየትኛው ሰዓት እንደመጣ በኋላ ማስረዳት አትችሉም።

ስለ ውል ካነሳሁ አይቀር የፖስተርን ነገር ልጨምር። በብዙ አገሮች አንድ ፈጠራ የፓተንት ማመልከቻ ሳይገባለት በአደባባይ ከተነገረ አዲስነቱን ያጣል። የጉባኤ ፖስተር አደባባይ ነው። ታትሞ የሚወጣው አጭር ጽሑፍም አደባባይ ነው። ስለዚህ የኩባንያው ሕግ ክፍል ቀድሞ ለማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። የእኔ ደብዳቤ 45 ቀን ይሰጣቸዋል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን አጭር ጽሑፍ ቀነ ገደቡ 6 ቀን ሲቀረው ላኩላቸው። በትህትና «ደርሶናል» አሉኝ። በ45ኛው ቀን ፈቀዱልኝ። ጉባኤው ግን አመለጠኝ።

አሁን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። የዓይንና የእይታ ተመራማሪዎች ትልቁ ስብሰባ የአርቮ ዓመታዊ ጉባኤ ነው። የሚካሄደው በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ሲሆን አጭር ጽሑፍ የሚገባው ከአምስት ወር ገደማ በፊት ነው። በዚያ ላይ 45 ቀን ጨምሩ። አማካሪያችሁ አንብበው የሚመልሱበትን ሁለት ሳምንት ጨምሩ። ጉባኤው ላይ የምታቀርቡት ውጤት ሰባት ወር ቀድሞ እጃችሁ መግባት አለበት ማለት ነው። ኩባንያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ያቺ ቀነ ገደብ የምትወድቀው የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ጉሮሮ ላይ በተሰነቀረበት ሰሞን ነው።

ሳምንታችሁን አይታችሁ ጥያቄ ምረጡ

ይሄ ለሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ስድብ ሊመስል ይችላል። ጥያቄ የሚመረጠው በሳይንሱ እንጂ በካላንደር አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። ግን በዓይን ጤና ውስጥ ያልተመለሰ ጥያቄ ሞልቷል። ከሞላው ውስጥ ለእናንተ የሚሆነውን ብትመርጡ ሳይንሱ አይቀየማችሁም።

ምሳሌ ልስጥ። የልጆች ማዮፒያ (ሩቅ አጥርቶ ማየት አለመቻል) በጣም ትኩስ ርዕስ ነው። ነገር ግን የዓይን ኳስ ርዝመት እየለካችሁ ልጅን ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት መከታተል አለባችሁ። ልጆቹ የሚገኙት ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ለምርመራ የዓይንን የማተኮር ጡንቻ ለጊዜው የሚያዝለውን ሳይክሎፔንቶሌት ጠብታ ካደረጋችሁላቸው ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትጠብቃላችሁ። ከዚያም ልጁ የቅርብ ነገር እስከ ማግስቱ ሊደበዝዝበት ይችላል። ነገ ፈተና አለበት የሚል ወላጅ ይደውላል። ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ግላኮማም እንደዚያው፤ በሽተኞቹ ያሉት ቀን ክሊኒክ ነው፣ እናንተ ደግሞ ቀን ሌላ ቦታ ናችሁ።

ጠቅለል ያለው ምክሬ ይሄ ነው። ሙሉ ቀን የምትሠሩ ከሆነ ተሳታፊው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጣበት ጥናት ምረጡ። ወይም ከዚህ ቀደም በተሰበሰቡ ምስሎች ላይ ሥሩ። የሬቲና ፎቶና የኦሲቲ ምስል (የሬቲናን ንብርብሮች የሚያሳየው በብርሃን የሚነሳ ምስል) ሌሊት 5 ሰዓት ላይም ያው ነው፤ አይደክመውም፣ አይቀርም፣ ቀጠሮ አይለውጥም።

የእኔ ጥያቄ እንዲህ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1993 የጃፓን ተመራማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ በአማካይ 22 ጊዜ ያርገበግባል። መጽሐፍ ሲያነብ 10፣ ስክሪን ላይ ሲያነብ 7። ይቺን ካነበብኩ ቀን ጀምሮ ሰው ሲያወራኝ ዓይኑን ነው የምቆጥረው። በኋላ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ሙላቱም ወሳኝ መሆኑን አሳዩ፤ የዓይን ቆቡ እስከ ታች ሳይወርድ የሚመለስበት ግማሽ ማርገብገብ ማለት ነው። እኔ የመረጥኩት እሱን ነው። ተሳታፊው አንድ ጊዜ ይመጣል፣ 40 ደቂቃ ያነባል፣ ካሜራ ይቀርፀዋል። መቁጠሩ የእኔ የሌሊት ሥራ ነው።

ከኩባንያዬ ምርትም ራቅ ያለ መሆኑ ረድቶኛል። የምትሠሩበት ኩባንያ የሚሸጠውን ሌንስ ወይም ጠብታ የሚፈትን ፒኤችዲ አትጀምሩ። ፈታኞች ይጠረጥሯችኋል። መልካም ውጤት ቢወጣ አይታመንም፤ መጥፎ ቢወጣ ቢሮ ውስጥ ፊት ይጠቁራል። ኩባንያው ራሱ ስፖንሰር ካደረገ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው በግልጽ የተጻፈ ነው።

ዓይን የራሱ ሰዓት አለው

አሁን ወደ አማካሪዬ ጥያቄ ልመለስ።

ሌሊት ስንተኛ ኮርኒያችን፣ ማለትም ከዓይናችን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ከ3 እስከ 4 በመቶ ያብጣል። ዓይናችንን ከከፈትን በኋላ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በብዙ ሰዎች ላይ የዓይን ግፊት ጠዋት ከፍ ይላል። የዓይን ኳስ ርዝመት ሳይቀር በአንድ ቀን ውስጥ በሚሊ ሜትር መቶኛ ቤት ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሽ ይመስላል። የማዮፒያ ሕክምና በዓመት የሚያመጣው ልዩነትም የሚለካው በዚያው መቶኛ ቤት ነው። የዓይን ድርቀት ስሜት ደግሞ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይብሳል።

ኩባንያ ተቀጥራችሁ ስትሠሩ የምትለኩት ሲመቻችሁ ነው። የሚመቻችሁ ሰዓት ደግሞ እንደ ሳምንቱ ሥራ ይቀያየራል። ስለዚህ የሥራ ጫናችሁ ቀጥታ ዳታው ውስጥ ይገባል። የእኔ ዳታ የተሳታፊዎቼን እንባ ሳይሆን የእኔን ስብሰባዎች ነበር የለካው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ይከብዳል። አንድ መስኮት ምረጡና ከዚያ አትውጡ። የእኔ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። በአንድ ምሽት ሁለት ሰው። ተሳታፊ «ቅዳሜ ጠዋት ብመጣስ?» ሲለኝ እምቢ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ እምቢ ማለት ያሳፍር ነበር። 41 ሰው ለመጨረስ አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ የቀረ ሰው ነበር፣ የታመመ ነበር፣ እኔም የሥራ ጉዞ ነበረብኝ። ግን ከዚያ ውስጥ አንድም አልተጣለም።

ምሽት መለካት የራሱ ጣጣ አለው። ተሳታፊው ቀኑን ሙሉ የት እንደዋለ ታሪኩን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጠየቅ አለባችሁ፤ ዛሬ ስንት ሰዓት ስክሪን ላይ ነበርክ፣ ሌንስ አድርገሽ ነበር፣ ጠብታ ጨምረሻል ወይ። ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት መዝግቡ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። ምሽት ላይ ሕንፃው የአየር ማቀዝቀዣውን ያጠፋል፤ እኔ ይሄን ያወቅኩት በሦስተኛው ወር ነው።

ቅደም ተከተሉም እንዳይዛባ። ዓይንን የማይነካው ምርመራ ይቀድማል። የእንባ ሽፋኑን የሚያሳየው ፍሎረሲን ቀለም ወይም የእንባ መጠን የሚለካው የሺርመር ወረቀት ይከተላል። ቀለም ካስገባችሁ በኋላ የእንባ ሽፋኑ የመጀመሪያው ሽፋን አይደለም። ሲደክማችሁ ይቺን ነው የምትስቱት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በትልቁ ጽፌ ስሊት ላምፑ (ዓይን የሚታይበት ማይክሮስኮፕ) ጎን ለጠፍኩት። ከቀኑ ሥራ በኋላ ጭንቅላቴን አላምነውም ነበር።

የከባድ ራስ ሥራ፣ የቀላል ራስ ሥራ

«በየቀኑ አንድ ሰዓት ጻፊ» የሚል ምክር ሰምቼ ሦስት ወር ሞከርኩት። ለእኔ አልሠራም። የስታቲስቲክስ ትንተና ከፍቼ፣ ትናንት የት እንዳቆምኩ አስታውሼ፣ ኮዱን አንብቤ እስክገባ 40 ደቂቃ ያልፋል። የሚቀረው 20 ደቂቃ ነው። ያቺ 20 ደቂቃ ደግሞ ከስህተት በቀር ምንም አላፈራችም።

ስለዚህ ሥራውን በሁለት ከፈልኩት። ከባድ ራስ የሚፈልግ አለ፤ ትንተና፣ የውይይት ምዕራፍ መጻፍ፣ ለገምጋሚዎች መልስ መስጠት። ቀላል ራስ የሚበቃው አለ፤ ቪዲዮ ላይ ማርገብገብ መቁጠር፣ ማጣቀሻ ማስተካከል፣ ሠንጠረዥ ማሳመር፣ ለተሳታፊ መደወል። ከባዱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚነካው። ቀላሉ ሰኞና ረቡዕ ማታ። ዓርብ ማታ ምንም የለም። እሑድም ምንም የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ እሑድን የጣስኩት አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው፤ ሁሉንም ተጸጽቻለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ድርድር አደረግኩ። ደመወዜ 20 በመቶ ተቀንሶ በሳምንት አራት ቀን ብቻ ልሥራ አልኩ። አለቃዬ ሁለት ወር አሰበችበትና ተስማማች። ከሁሉ የተሻለው ውሳኔዬ ይሄ ነው። «ሲመችሽ ሰዓት እንሰጥሻለን» ከሚል ለስላሳ ቃል አንድ የተቆረጠ ቀን ይሻላል። ለስላሳው ቃል ሁልጊዜ በአጣዳፊ ስብሰባ ይበላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ ደመወዛችሁ ይቀንሳል፣ ሥራው አይቀንስም። የአምስት ቀን ሥራ በአራት ቀን እንዳይጭኑባችሁ የትኛውን ኃላፊነት እንደምታስረክቡ በስሙ ጠርታችሁ ጻፉ። እኔ የሥልጠና ሥራውን ነው ያስረከብኩት።

ሁለቱን ካላንደር አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አንድ ላይ አስፍሩ። አዲስ ምርት የሚወጣበት፣ የጥራት ኦዲት የሚመጣበት፣ ለተቆጣጣሪ አካል ሰነድ የሚገባበት ወር ይታወቃል። በእነዚያ ወራት ፒኤችዲው እንደማይራመድ አስቀድሞ መቀበል ነው። ሳትቀበሉ ብትቀሩም አይራመድም፤ ልዩነቱ እንቅልፍ ማጣታችሁ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የሰው ማርገብገብ ስቆጥር የራሴ ዓይን ይቃጠል ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈጥጬ ሰው በቂ አያርገበግብም እያልኩ እመዘግባለሁ። አንድ ሌሊት ኦኤስዲአይ የሚባለውን የዓይን ድርቀት ምልክቶችን የሚለካ የ12 ጥያቄ መጠይቅ ራሴ ላይ ሞላሁት። 31 አመጣሁ። 13ና ከዚያ በላይ ያመጣን ተሳታፊ እኔ ራሴ የዓይን ድርቀት ሊኖርበት ይችላል ብዬ ነበር የምመዘግበው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቁጭታ ከ25 ደቂቃ በላይ አልቆጠርኩም።

ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ በአንድ ጭንቅላት

ስለ ሰዓት ብዙ ይወራል፤ ስለዚህኛው ግን ማንም አልነገረኝም። ኩባንያና ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። ኩባንያ «ሌንሱ መስፈርቱን ያሟላል ወይስ አያሟላም?» ይላል። መልሱ በቀኑ መድረስ አለበት። ፒኤችዲ ደግሞ «ለምን?» ይላል። መልሱ ሌላ «ለምን» ቢወልድ ደስ ይለዋል። እኔ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ ኩባንያ ሪፖርት ጻፍኩት። ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ አለፈ። አማካሪዬ ዳር ላይ «እና ምን ይሁን?» ብለው ጻፉበት። ገጹን ሙሉ እንዲያ ነው የሞሉት።

በተቃራኒው ከኩባንያ ይዤው የመጣሁት ጥሩ ነገርም አለ። እኛ በሕክምና መሣሪያ ጥናት አይኤስኦ 14155 የሚባለውን መስፈርት ተከትለን ነው የምንሠራው። ፕሮቶኮል ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ይቆለፋል። ለውጥ ካለ ቀን፣ ምክንያትና ፊርማ ይኖረዋል። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ጎኑ ይጻፋል። ይሄን ልማድ ወደ ፒኤችዲዬ አመጣሁት። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ገምጋሚ ስለ አንዲት ተሳታፊ ሲጠይቀኝ መልሱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኘሁት። ያን ጊዜ እኔ ሳቅኩ።

አንድ ወጥመድ ብቻ ላሳያችሁ። በሥራ ላይ የጎንዮሽ ችግርን የምንመዘግበው በየዓይኑ ነው። ቀኝ ዓይን፣ ግራ ዓይን። እጄ ስለለመደ 41 ሰው ለክቼ «82 ዓይን» ብዬ ተነተንኩ። የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች ግን መንትዮች ናቸው፤ ቀኙ ደረቅ ከሆነ ግራውም ሊደርቅ ይችላል። እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ከቆጠራችኋቸው ልዩነቱ ካለው በላይ ጎልቶ ይወጣል። ወይ አንድ ዓይን በዕጣ ምረጡ፣ ወይ ዝምድናውን የሚያካትት ሞዴል ተጠቀሙ። ይሄን ከፕሮቶኮሉ ላይ ወስኑት። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ አይደለም።

የሥራ ባልደረባን አትመልምሉ

ተሳታፊ ሲጠፋ ዓይናችሁ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሌንስ የሚያደርጉ 30 ሰዎች አንድ ፎቅ ላይ አሉ! እኔም ለሥነ ምግባር ኮሚቴው እንዲህ ብዬ አመለከትኩ። አንድ ጥያቄ መለሱልኝ፦ ከእነዚህ ውስጥ የሥራ አፈጻጸማቸውን የምትሞዪላቸው አሉ ወይ? ሦስት ነበሩ። እነዚያ ሦስቱ «አይ፣ አልሳተፍም» ማለት ይችላሉ? እንደማይችሉ እኔም አውቃለሁ። ማመልከቻውን መልሼ ወሰድኩት።

የምትሠሩበትን ቦታ ግን አትደብቁ። የስምምነት ቅጹ ላይ ይጻፍ። ፖስተሩ ላይ ይጻፍ። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ባዘጋጀው ቅጽ ላይ ያለፉት 36 ወራት ግንኙነቶች ሁሉ ይጠየቃሉ፤ ደመወዝም ግንኙነት ነው። ሳትጠየቁ ስትናገሩ ሰው «እሺ» ብሎ ያልፋል። ተጠይቃችሁ ስትናገሩ ግን ሌላ ምን ደብቃለች ይባላል።

የቪዲዮውን ነገር ደግሞ አደራ። ዓይን ያለበት ቪዲዮ ሰው የሚለይበት ዳታ ነው። ቤት ወስዶ መቁጠር ምቹ ነው፤ እኔ ግን ፋይሉ ከዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ሳይወጣ ከሩቅ እየገባሁ ነበር የምሠራው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተሳድቤያለሁ። ላፕቶፔ ሲሰረቅ ግን በሰላም ተኛሁ። አዎ፣ ተሰርቋል።

አማካሪውና አለቃዋ

ሁለቱ አንድ ጊዜ ይገናኙ። የእኔዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት በቪዲዮ ይገናኙ ነበር። ብዙም አያወሩም። ግን አማካሪዬ ለምን በኦዲት ወር እንደምጠፋ ገባቸው፤ አለቃዬም ማክሰኞ ማታ ስብሰባ መጥራት አቆመች።

ለአማካሪያችሁ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ገጽ ላኩ። የሠራሁት፣ የተጣበቀብኝ፣ ከእርስዎ የምፈልገው፣ እስከ መቼ። ምንም ባልሠራችሁበት ሳምንትም ላኩ። በተለይ ያን ጊዜ። ተቀጥሮ የሚሠራ ተማሪ ዝም ሲል አማካሪ «ትታዋለች» ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ አንዴ ዘጠኝ ሳምንት ዝም አልኩ። ስመለስ ለምርመራ ክፍሉ የተያዘልኝ ምሽት ለሌላ ተማሪ ተሰጥቶ አገኘሁት።

መመረቂያችሁን በታተሙ ጽሑፎች መልክ ማቅረብ ከተቻለ እሱን ምረጡ። ሦስት ጽሑፍ ሦስት በር ነው፤ አንዱን ዘግታችሁ ወደ ቀጣዩ ትሄዳላችሁ። ጆርናል መልስ እስኪሰጥ ወራት ይፈጃል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዚያ ይበሳጫል። ለእኛ ግን ያ ጊዜ ኦዲት የምንጨርስበት ነው።

ማቋረጥ ከፈለጋችሁ ሳትወድቁ አቋርጡ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ምዝገባን ለተወሰነ ጊዜ ማቆም ይፈቅዳሉ፤ የማጠናቀቂያ ጊዜውም አብሮ ይቆማል። እኔ በአራተኛው ዓመት አባቴ ሲታመሙ ስድስት ወር አቆምኩ። ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። የዘገየሁት ቅጹ ከብዶኝ ሳይሆን አፍሬ ነው፤ ሦስት ወር አፈርኩ፣ በዚያ ሦስት ወር ደግሞ ምንም አልሠራሁም፣ ሰዓቱ ግን ይቆጥርብኝ ነበር።

የመጨረሻዋ ስለ ዓመት ፈቃድ ናት። ሁሉም ሰው ለመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ቀን ፈቃድ ይይዛል። እኔም አሥር ቀን ወስጄ ተዘጋጀሁ፣ ተከላከልኩ፣ አለፍኩ። ከዚያ ፈታኞቹ 23 እርማት ሰጡኝ፤ ሦስት ወር ጊዜ። ፈቃዴ አልቋል። በዚያው ወር አዲስ ሌንስ ይወጣል። ለመከላከያው አምስት ቀን ይበቃል። ሌላዋን አምስት ቀን ለእርማቱ አስቀሯት።